የመጀመሪያዋ ገዢ

ሳይጎን ዳርቻ፣ ጎ ቫፕ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው እስከ ድልድዩ ባለው መንገድ ላይ ሳው የምትባለውን ልብስ ሰፊ ሳይጠራ ሱቅ የከፈተ ሰው ለሠላሳ ዓመት ያህል አልነበረም። አንዱ መነሻ ገንዘቡን ከባንክ ያመጣል፣ ሌላው ከአባቱ ይወርሳል፤ የመክፈቻው ቀን ሲቃረብ ግን ሁሉም ማንጎ ወይም ወይን በላስቲክ አንጠልጥሎ እሷ ወደምትሰፋበት የመታጠፊያ ጥግ ይመጣና «አክስቴ ሳው፣ እባክዎ በጠዋቱ ብቅ ይበሉልን» ይላታል።

ሳው ባለጸጋ ሆና አይደለም። በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብላ ሱሪ የምታሳጥር፣ እምቢ ያለ ዚፕ የምትቀይር ሴት ናት። ግን እግረ እርጥብ ናት። እሷ ቀድማ የረገጠችው ሱቅ ያን ቀን ሰው አይለየውም፤ የመጀመሪያው ቀን ከቀናው ደግሞ ዓመቱም ይቀናዋል። መንገዱ ይህን የሚያምነው ለቀልድ አልነበረም። የጠዋቱ የመጀመሪያ ገዢ ዋጋ ጠይቆ፣ ተጨቃጭቆ፣ ሳይገዛ ከወጣ ባለሱቁ ወረቀት አቀጣጥሎ ደጃፉን በጭስ ያጥናል፤ ሰውየው ጥሎት የሄደውን መጥፎ ገድ ለማባረር። ተራ ቀን እንዲህ ከሆነ የመክፈቻ ቀንማ ምን ይባላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ገዢ ላጋጣሚ አይተዉትም፤ መርጠው ይጠሩታል።

የሳው አገባብ የታወቀ ነበር። ያን ቀን ከነቃችበት ጀምሮ ከማንም ጋር ክፉ ቃል አትለዋወጥም። ደጃፉ ላይ ቆማ አታመነታም፤ ቀኝ እግሯን አስቀድማ ሰተት ብላ ትገባለች። ዋጋ አትጠይቅም። መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈበትን ዕቃ ታነሳለች፣ ያልታጠፈ አዲስ ኖት ትሰጣለች፣ መልስ አትቀበልም፣ «ገበያሽ ይቅና» ትልና ወደ ኋላዋ ሳትዞር ትወጣለች። በዚህ ምክንያት ቤቷ ለምንም የማይሆናት ዕቃ የሞላበት ነበር። ባል ሳታገባ ሦስት ክራቫት አላት። ሞተር ሳትነዳ የሞተር ፍሬን ሽቦ ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል። አንድ ጊዜ ዓይኗ በቀጥታ የሬሳ ሣጥን መያዣ እጀታ ላይ ስላረፈ እሱንም ገዝታለች፤ ብረታ ብረት የሚሸጠው ሰውዬ ደንግጦ «ይተውት አክስቴ፣ ሚስማር ይውሰዱ» ቢላት አሠራሯን አላበላሽም ብላ ይዛው ወጣች።

መንገዱ መልኩን ሲቀያይር የሸኘችውም የተቀበለችውም እሷ ናት። ያው አንዱ በር መጀመሪያ ጨርቅ ይሸጥበት ነበር፤ ቀጥሎ የቪዲዮ ካሴት ማከራያ ሆነ፤ ከዚያ ኢንተርኔት ቤት፣ ከዚያ ስልክ መሸጫ። አራቴም ቀድማ የገባችው ሳው ነበረች። የሄዱትን ትረሳለች ማለት አይደለም፤ አልቅሳላቸውም ታውቃለች። ግን አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚገባበት መንገድ ነበር፤ ከሚወጣው የሚገባው ይበልጣል ብላ ትጽናናለች።

ኋላ መንገዱ ይሰፋል ተባለ። ሰዎች መጥተው በቀይ ቀለም በየቤቱ ግድግዳ ላይ ቁጥር ጻፉ፣ ከእያንዳንዱ ቤት ፊት አራት ሜትር ተቆረጠ። አራት ሜትር ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ቤቱ ወደ ውስጥ ብዙም የማይረዝም ሰው ግን ጠዋት ሲነሳ የቀረለት አልጋ የማያስዘረጋ ግድግዳና ጣሪያ ነበር። ሳው የምትጠለልበት የጣሪያ ክንፍም አብሮ ሄደ፤ እሷም ጃንጥላ ተክላ ሥራዋን ቀጠለች። ስድስት ወር ሙሉ መንገዱ ተቆፍሮ ከረመ። ሰው ወደ ሱቅ የሚገባው ቦዩ ላይ በተጋደመ ሳንቃ ነበር፤ ሳንቃ ላይ እየተንገዳገደ ቀሚስ የሚገዛ ሰው የለም። «ይከራያል» የሚለው ወረቀት በየበሩ ተለጠፈ። ጎን ለጎን የነበሩትን ሦስት አራት ቤቶች እያዋሃዱ ትላልቆቹ ድርጅቶች ገቡ፤ እነሱ የሚከፍቱት በፊኛና በድምፅ ማጉያ ነው፣ ሪባን የሚቆርጠውም ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው ነው። ሳውን ምን ያደርጓታል።

ትንንሾቹ ግን አሁንም ይጠሯት ነበር። ቅመም የበዛበት ኑድል የሚሸጡት ባልና ሚስት ጠሯት። የስልክ ልባስ የምትሸጠው ልጅ ጠራቻት። የወተት ሻይ የጀመረው ካንግም ጠራት። ሦስቱም አንድ ዓመት ሳይሞሉ ዘጉ።

ካንግ ሱቁን በዘጋ ዕለት አራት የፕላስቲክ በርጩማ ደራርቦ ወደ ሳው መጣ።

«አክስቴ፣ እነዚህ ለእርስዎ ይሁኑ። ደንበኛ ሲጠብቅ ይቀመጥባቸዋል።»

«አንተስ?»

«እኔማ ዕቃ ማድረስ ልጀምር ነው፤ በሞተር። መቀመጫው አብሮት የመጣ ሥራ ነው።» ሳቀ፣ እሷም ሳቀችለት። ሊሄድ ብሎ ተመለሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ የሚሉትን አይስሙ። የእርስዎ ጥፋት አይደለም።»

ሳው እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የእሷ ጥፋት ነው ያላት ሰው አልነበረም።

ከሷ ቀጥሎ በጋሪ ዳቦ በእንቁላል የምትሸጠው ኡት ናት። ኡት ማለት የመጨረሻ ልጅ ማለት ነው፤ በወሬ ግን ኡትን የቀደማት የለም።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለቻት ሳው።

«እነማን?»

«ኡት፣ እኔን ነው? ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ጆሮሽ አንድ ቀን አምልጦት ያውቃል?»

ኡት እንቁላሉን ገለበጠች። «እንግዲህ ሦስት ሆነ ይላሉ። ኑድሉ፣ የስልኩ፣ አሁን ደግሞ የካንግ። ሦስቱንም የከፈተችው ሳው ናት ይላሉ።»

«መንገዱ ተቆፍሮ እኮ ነው። በሳንቃ ላይ ማን ይመጣል?»

«እኔም እንደዚሁ ነው ያልኳቸው።»

«ብለሻል?»

«መጨረሻ ላይ ብያለሁ።»

ሳው ይህን እንደ ወሬ ልታልፈው ሞከረች። በሳምንቱ ግን ሰማያዊ ዚፕ አልቆባት በጠዋቱ ወደ ትዌት ሱቅ ሄደች። ትዌት ክርና ቁልፍ ትሸጣለች፤ ሱቋን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የከፈተችላት ሳው ናት። ሰማያዊው ዚፕ አልነበረም። «ከሰዓት ይመጣል፣ ተመለሺ» አለቻት ትዌት፣ ሳውም እሺ ብላ ወጣች። አሥር እርምጃ ሳትሄድ የተቃጠለ ወረቀት ሸተታት። ዞር ስትል ትዌት ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብላ የተቀጣጠለ ጋዜጣ ከግራ ወደ ቀኝ ታወዛውዛለች። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ትዌት እሳቱን በጫማዋ ረገጠችውና ወደ ውስጥ ገባች፣ ሳውም መንገዷን ቀጠለች። ያን ቀን የሰፋችውን ሁሉ ጠማማ አድርጋ ስለሰፋችው እንደገና መፍታት ነበረባት።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሳው ራሷ ማመኗ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሞኞች ብሎ ይሳደብና ያልፋል። እሷ ግን ሱቆቹ ሲያብቡ በእግሬ ነው ብላ ሠላሳ ዓመት ከኮራች በኋላ ሲዘጉ በእግሬ አይደለም ልትል አልቻለችም። ሌሊት ተነስታ እግሮቿን ትዳስስ ነበር ቢባል ማጋነን ይሆናል፤ ጠዋት ጠዋት ግን በሰው ደጅ ፊት ለፊት ስታልፍ እርምጃዋን ማፍጠን ጀመረች።

የዱዬን ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው። ዱዬን የእህቷ ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ያሳደገቻት ሳው ናት። ከልጅነቷ ጀምራ ጫማ ፋብሪካ ሠርታለች። ሠላሳ ስድስት ሲሞላት ፋብሪካው ሠራተኛ እቀንሳለሁ አለና ከቀነሳቸው አንዷ እሷ ሆነች። ያላትን ሰብስባ የልጆችና የእናቶች ልብስ ልትሸጥ ከሳው ጥግ ወዲያ ማዶ ካሉት ፊታቸው የተቆረጠ ቤቶች አንዱን ተከራየች። ሱቁ ስፋቱ ደህና ነው፤ ወደ ውስጥ ግን ሁለት እርምጃ ተኩል ብቻ ነበር። ለመጋረጃውና ለልብስ መስቀያው ልክ የወሰደችው ሳው ራሷ ነበረች።

ቀኑም ተቆረጠ፤ የጨረቃው ወር በገባ በስድስተኛው፣ ከጠዋቱ ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት። የቀረው ሳውን መጥራት ነበር።

ዱዬን አልጠራቻትም። አራት ቀን ሲቀረው የጎመን ሾርባ ይዛላት መጣች፣ ስለ መስቀያ ዋጋ አወራች፣ ሄደች። ሁለት ቀን ሲቀረው ቀሚስ እንድታሳጥርላት አመጣች፣ ቆማ ጠበቀች፣ ከንፈሯን ነክሳ ምንም ሳትል ሄደች። ሳውም አልጠየቀችም። መጠራት እንጂ እኔ ልግባልሽ ማለት ወግ አይደለም፤ ራሷን የጋበዘች ገደኛ ተሰምታም አታውቅ። የወርቅ ቤቱን ባለቤት አቶ ብዩን ጠርታው ይሆናል ብላ አሰበች። አቶ ብዩ ሰባት ልጅ ወልዶ አንድ ያልሞተበት፣ ሦስት ፎቅ የሠራ ሰው ነው። ከትዌት ጭስ ይልቅ ይህ ነው ውስጧን ያቆሰላት። ሰው ሁሉ ፊቱን ቢያዞርበት አንድ ሰው ይችለው ይሆናል፤ በገዛ እጁ ያጎረሰው ልጅ ሲያዞርበት ግን የሚችልበት አቅም ከየት ያመጣል።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት የስፌት መኪናዋን አላወጣችም። ጥጓ ከዱዬን ሱቅ ፊት ለፊት ስለሆነ ድንገት ሳላስበው ቀድሜ እንዳልገባ ብላ ቤቷ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ኡት ሽርጧን እንዳገለደመች፣ እጇን እንቁላል እንደነካው በሩን ገፍታ ገባች።

«እዚህ ተጎልተሻል? ልጅሽ ከከፈተች አንድ ሰዓት ሆናት፣ አንድ ሰው እንኳ አልገባም።»

«አቶ ብዩ ይመጣል።»

«የምን አቶ ብዩ? ጠየቅኳት እኮ። ማንንም አልጠራሁም፣ የመጣ ይምጣ አለችኝ። የመጣ ይምጣ። እኔ ልግባላት ብዬ ነበር፤ እኔ የተወለድኩት በአይጥ ዓመት፣ እሷ በፈረስ፤ ሁለቱ አይስማሙም፣ ተያይዘን ገደል ነው የምንገባው። አሁን ደግሞ አንድ ሰካራም ቁጭ ብሎ ደጁን እያየ ነው።»

ሳው ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች። የሄደችው እየተናደደች ነው፤ በመክፈቻ ቀን መናደድ እንደማይገባ እያወቀች።

ሱቁ ጋ ስትደርስ ደጃፉን አልረገጠችም። አንዲት ጣት ያህል ሲቀራት ቆመች። ዱዬን ውስጥ አንዲት የሕፃን ሸሚዝ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

«ማንን ጠራሽ?»

«ማንንም፣ አክስቴ።»

«እኔን ባትፈልጊ ሌላ ሰው መጥራት አቃተሽ? ደጅሽን ላላፊ አግዳሚ ሰጥተሽ ትቀመጫለሽ? እኔ እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ? ትዌት ወረቀት አነደደችብኝ። ቻልኩት። አንቺም እግሬ ደርቋል ካልሽ በፊቴ በይኝ። ዝም አትበይኝ።»

«ስድስት ወር ነው» አለች ዱዬን።

«ምኑ?»

«ውሉ። መንገዱ አስፋልት ሲለብስ ይህንና ጎረቤቱን አዋህደው ሊሸጧቸው ነው። ስፈርም የቤቱ ባለቤት ነግሮኛል፤ ኪራዩን የቀነሰልኝም ለዚህ ነው።»

«እያወቅሽ ነው የፈረምሽው?»

«የት ልሂድ? ፋብሪካዎቹ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ አይቀጥሩም፤ ሁሉም በር ላይ ተለጥፏል። ስድስት ወርም ቢሆን ንግዱን እለምዳለሁ፣ ደንበኛ አፈራለሁ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ አልኩ።» ሸሚዙን አስቀመጠችው። «አክስቴ፣ ቢቀናኝም ባይቀናኝም በስድስት ወር ይዘጋል። አንቺ ብትከፍቺው አራተኛው ይላሉ። የገዛ ልጇን ሱቅ አዘጋች ይላሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይጠራሻል? ካንቺ የሚቀረው ይሄው ስምሽ ነው። በኔ ምክንያት እንዲያልቅ አልፈለግኩም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትገቢያለሻ።»

ከአራት ቀን ጀምሮ የሳው ደረት ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሳላት፤ ለጥቂት ጊዜም ደስ አላት። ልጅቷ አልጠላቻትም፣ አላፈረችባትም። ደስታው ሳይበርድ ግን ሌላው ነገር ታያት። ስድስት ወር ሲሞላ ይህ በር ይዘጋል። መንገዱ ውል አያነብም። ማንንም ሳትጠራ ከፍታ፣ ጠዋቷን ለሰካራም ሰጥታ፣ ይኸው ስድስት ወር አልሞላትም፤ ንግድ አታውቅም፣ እጇ አይባረክም ይሏታል። ሌላ ቤት ልትከራይ ስትሄድ ይህ ወሬ ቀድሟት ይደርሳል። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ገና ብዙ በር ማንኳኳት አለባት።

የእኔስ ስም፣ አለች ሳው በልቧ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ትላልቆቹ አይጠሩኝም፣ ትንንሾቹ እያለቁ ነው፣ የቀሩትም ወረቀት ያነዱብኛል። ለማን ነው የማስቀምጠው? ስሙ አደከማት። ሠላሳ ዓመት ተሸክማው መድከሟን እንኳ እስከዚያች ጠዋት አላወቀችም ነበር።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«ሁለት ሰዓት ከሃያ። አክስቴ፣ ተይ። እለምንሻለሁ፣ ተይ።»

ሳው ቀኝ እግሯን አስቀድማ ገባች። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ቢጫ የሕፃን የዝናብ ልብስ ላይ ነበር፤ አነሳችው። ከኪሷ ያልታጠፈ አዲስ ኖት አወጣች። አቶ ብዩ ተጠርቷል ብላ እያመነች እንኳ ትናንት አዘጋጅታ ኪሷ ከታው ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ኖቱን በዱዬን እጅ ውስጥ አስገብታ ጣቶቿን ዘጋችበት።

«ገበያሽ ይቅና፣ ልጄ።»

በወጉ ከሆነ አሁን ወደ ኋላ ሳትዞር መሄድ ነበረባት። እሷ ግን ደጃፉ ላይ ቆመች። ኡት ጋሪዋ ጋ ተመልሳ እንቁላል እየሰበረች ነበር፣ ዓይኗ ግን እንቁላሉ ላይ አልነበረም። ትዌትም ከሱቋ ብቅ ብላለች።

«ኡት» አለች ሳው፣ መንገዱን በሚሻገር ድምፅ። «አየሽ አይደል?»

«አየሁ።»

«የዱዬንን ሱቅ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ለጠየቀሽም ላልጠየቀሽም ንገሪ።»

ኡት ማንኪያዋን እንደያዘች ተሻግራ መጣችና አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «አብደሻል? ይህ ቤት እኮ ሊሸጥ ነው ይባላል። ቢዘጋ ምን ይውጥሻል?»

«ሲዘጋማ» አለች ሳው፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ሳው እግሯ ደርቆ ነው ያዘጋችው ትያለሽ። ልጅቷ መነገድ አቅቷት ነው የሚል ሰው ከሰማሁ ግን ያንቺ ወሬ ነው ብዬ ካንቺ ጋር ነው የምጣላው። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች ኡት።

ሳው የዝናብ ልብሱን ክንዷ ላይ ጥላ የስፌት መኪናዋን ልታወጣ ወደ ቤቷ ሄደች። ዱዬን ሁሉንም ሰምታለች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆማ ሳለ ሁለት ሴቶች የልጅ ቁምጣ አለሽ ወይ እያሉ ገቡባት፤ ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ለስንት ዓመት ልጅ ነው ብላ ጠየቀቻቸው።